ውድ የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ መግዛት ያዋጣል ወይ?



ዘንድሮ ለወላጅ ኮሚቴው ያልተለመደ ማመልከቻ ቀረበ። የሳይንስ ክበባችን አባላት በሦስት ገጽ ምክንያታቸውን ዘርዝረው፣ የመሣሪያውን ሥዕል ሳይቀር አያይዘው፣ ትምህርት ቤቱ በተለምዶ ዲቴክተር የሚባለውን የብረታ ብረት መፈለጊያ እንዲገዛላቸው ጠየቁ። የመረጡት ዓይነት 900 ዶላር ያወጣል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ተመን ቆሞ ስለቀረ ሒሳቡ አያስቸግርም፤ ወደ 160 ሺህ ፍራንክ ነው።

ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። አንድ አባት «ለመማሪያ መጻሕፍት ያጣነውን ገንዘብ ለመጫወቻ ልናወጣ ነው?» አሉ። አንዲት እናት በበኩላቸው ልጃቸው ከስልክ ላይ ዓይኑን አንሥቶ መሬት የሚያይበት ነገር ከተገኘ ዋጋው እንደማያስጨንቃቸው ተናገሩ። ሁለቱም እውነት አላቸው። በዕለቱ ሳንወስን ተለያየን፤ አስተያየታችንን በጽሑፍ እንደምናቀርብ ግን ቃል ገባን። በዓመት መጽሐፉ ላይ ያወጣነው ጉዳዩ ከክበቡ ልጆች አልፎ ብዙ ቤት የገባ ስለሆነ ነው።

ይህን ያስተዋልነው በማዕከላዊ ገበያ ነው። ገበያችን ምን እንዳለው ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከድሬዳዋ የመጣ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ጃንጥላ ሥር የተቀመጡ ገንዘብ መንዛሪ እናቶች፣ የሐሙዲ መስጊድ ጥላ፣ ከቀትር በኋላም ጫት ሲገባ የሚነሣው ሁካታ። በዚሁ መሐል ባለፉት ጥቂት ዓመታት «የወርቅ ማሽን» የሚል ቃል በዝቶ እንሰማለን። አገር ቤት ወርቅ ፍለጋ ሊሄድ የሚያስብ ወጣት፣ ዕቃውን የሚያገናኝ ደላላ፣ «የአጎቴ ልጅ በአንድ ሳምንት ቤት ሠራ» የሚል ወሬኛ ሁሉ እዚያ ይገኛል። ወሬው በምሳ ሰዓት ከተማሪዎቻችን ጋር ወደ ግቢያችን ይገባል።

እንግዲህ መጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ እንግለጽ፤ ዋጋው ተገቢ መሆን አለመሆኑን ያንን ሳያውቁ መፍረድ አይቻልም።

ከመሣሪያው ጫፍ ያለው ክብ ሳህን ውስጡ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው። ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ ከመሬት በታች ብረታ ብረት ካገኘ በዚያ ውስጥ ትንንሽ የኤሌክትሪክ አዙሪቶች ይነሣሉ፤ አዙሪቶቹም የራሳቸውን ደካማ መስክ መልሰው ይልካሉ። መሣሪያው የሚሰማው ያንን ምላሽ ነው። ወርቅን በስሙ የሚያውቅ ነገር ውስጡ የለም። የወርቅ ቀለበት፣ የጣሳ ጆሮና የጥይት ቀለህ ለእርሱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ነገሮች ናቸው። የተሻሉት መሣሪያዎች በምላሹ ጠባይ እየገመቱ ይለያሉ፤ ግምት ግን ግምት ነው፤ የጣሳ ጆሮና ቀጭን የወርቅ ቀለበት ለብዙዎቹ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣሉ።

አሁን የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በጥሞና አንብቡ። የሚላከው መስክ በርቀት እየደከመ ይሄዳል፤ የሚመለሰውም እንዲሁ እየደከመ ይመጣል። ሁለቱ ሲደመሩ የአንድ ትንሽ ነገር ምላሽ በግርድፉ በርቀቱ ስድስተኛ ርቢ ይቀንሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምላሹ ከስድሳ አራት አንድ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሳንቲም በ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የሚያገኝ መሣሪያ በ40 ሴንቲ ሜትር እንዲያገኘው ከተፈለገ 64 ጊዜ ያህል ንቁ መሆን አለበት። ዐሥር እጥፍ የከፈለ ሰው ዐሥር እጥፍ ጥልቀት አያገኝም። አንዳንዴ የሚያገኘው ጥቂት ጣት ብቻ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ስምንት ሺህ ዶላር ይከፍላል? የአውስትራሊያው ሚንላብ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጂፒዜድ 7000 የተባለው የወርቅ መፈለጊያ ሲወጣ ከዚህ ዋጋ በላይ ነበር፤ በእኛ ገንዘብ ከ1 ሚሊዮን 400 ሺህ ፍራንክ በላይ። የመጀመሪያ ደረጃ መሣሪያ ደግሞ በ200 ዶላር፣ ማለትም በ35 ሺህ ፍራንክ ገደማ ይገኛል። የልዩነቱ ትልቁ ክፍል ጥልቀትን ሳይሆን ጸጥታን የሚገዛ ነው። ብረት የበዛበት አፈርና ጨዋማ እርጥብ አሸዋ ራሳቸው ምላሽ ይሰጣሉ። ርካሹ መሣሪያ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ያለ ምክንያት ይጮኻል፤ ውዱ የመሬቱን ጩኸት ቀንሶ ትንሿን ድምፅ ይለያል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ወገን የሚጎዳ ነገር መናገር አለብን። «ርካሹ ይበቃል» ብለን ብንዘጋው በወደድን ነበር። ነገር ግን ጅቡቲ የቆመችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ባዛልቱ በብረት ማዕድን የተሞላ ነው፤ የባሕር ዳርቻችን አሸዋ ደግሞ ጨው የጠጣ ነው። በእንግሊዝ ለምለም ማሳ ላይ ደኅና የሚሠራ ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ርካሽ መሣሪያ ሲየስታ ባሕር ዳርቻ ላይ እንደ ታመመ ፍየል ሲጮኽ ይውላል። ስለዚህ በዚህ ከተማ ለመዝናኛ የሚገዛ ሰው በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ መካከለኛ መሣሪያ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ዋጋው ከ200 እስከ 400 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለመዝናኛ ፈላጊ የሚጨምርለት ጥቂት ነው።

እስካሁን የተናገርነው እውነተኛ መሣሪያን ነው። ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ግን እውነተኛ አይደለም። ከ2009 እ.ኤ.አ. በኋላ በሱዳን ወርቅ ፍለጋ ሲጧጧፍ የሚንላብ መሣሪያዎች እጅግ ተፈላጊ ሆኑ፤ ወዲያው አስመስለው የተሠሩ ቅጂዎች ገበያውን አጥለቀለቁት። የሚንላብ ባለቤት የሆነው ኮዳን የተባለው ኩባንያ እስከ ሰኔ 2014 እ.ኤ.አ. ባለው የበጀት ዓመት ትርፉ ከ45 ሚሊዮን ወደ 9 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ወርዷል፤ የአፍሪካ የወርቅ ገበያ መቀዝቀዝና እነዚህ ሐሰተኛ ቅጂዎች ከምክንያቶቹ ናቸው። ኩባንያው ዋጋውን ለመቀነስ ተገድዷል። አምራቹን እንዲህ ካደረገው፣ በእጁ ዋስትና የሌለው ገዢ ምን ያህል እንደሚጎዳ ገምቱት።

ከቅጂው የባሰ ሌላ ዓይነት አለ። እጀታ ላይ የተሰካ አንቴና ነው፤ በመቶ ሜትር ርቀትና በዐሥር ሜትር ጥልቀት ያለ ወርቅን ያሳያል ይባላል። ከላይ ስለ ስድስተኛው ርቢ የተናገርነውን ያነበበ ተማሪ ይህ ለምን እንደማይሆን ራሱ ይነግራችኋል። ብልሃቱ በወርቅ ብቻ አልተወሰነም። ጀምስ ማኮርሚክ የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ከሃያ ዶላር በታች የሚሸጥ የጎልፍ ኳስ ፈላጊ የተባለ መጫወቻን አስመስሎ «የፈንጂ መፈለጊያ» አሠራና አንዱን እስከ 40 ሺህ ዶላር ለኢራቅና ለሌሎች አገሮች ሸጠ። ውስጡ አንዳች የሚሠራ ነገር አልነበረውም። በባግዳድ ኬላዎች ላይ ወታደሮች ያንን ይዘው መኪና ሲፈትሹ ፈንጂ የጫኑት አልፈው ገቡ፤ ሰውም አለቀ። በግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. የለንደን ፍርድ ቤት ዐሥር ዓመት ፈረደበት። የአንድ አገር መንግሥት በዚህ ከተታለለ፣ የገበያችን ልጆች ቢታለሉ ሞኝ አንላቸውም።

ደግሞም ለመታለል ጥቂት የቀራቸው ነበሩ። አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ከሦስት ጓደኞቹ ጋር እንዲህ ያለውን ባለ አንቴና በ260 ሺህ ፍራንክ ሊገዛ ተስማምቶ ነበር፤ በነፍስ ወከፍ 65 ሺህ። የእርሱ ድርሻ ገበያ ውስጥ እንጀራ የሚሸጡት እናቱ የዕቁብ እጣ ነው። እናቲቱ ገንዘቡን ከመስጠታቸው በፊት ወደ ቢሯችን መጥተው «እናንተ አስተምራችሁታል፤ እናንተው እዩለት» አሉን። የፊዚክስ መምህራችን ከልጆቹ ጋር ሄዱ። ከአንዱ ሱቅ አምስት ባዶ የቲማቲም ሣጥን ተውሰው ደፏቸው፤ ሻጩ ፊቱን ባዞረበት ቅጽበት የጋብቻ ቀለበታቸውን ከአንዱ ሥር አስቀመጡና «ወንድሜ፣ በል አግኝልን» አሉት። ሻጩ አልሞከረም። «ይኼ ማሽን አዲስ ወርቅ አያውቅም መምህር፤ ብዙ ዘመን መሬት ውስጥ የኖረውን ነው የሚያገኘው» አለ። ሦስቱ ልጆች እዚያው ገንዘባቸውን ኪሳቸው መለሱ። እናቲቱ በዕቁቡ ጤፍ ገዙበት። አራተኛው ግን ከሌሎች ጋር ማኅበር ገብቶ ያንኑ ዕቃ ገዛና አገር ቤት ገባ። አልፎ አልፎ ይደውላል፤ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ያወራል፤ ስለ ወርቅ አንሥቶ አያውቅም።

እውነተኛ መሣሪያ የያዘም ቢሆን የአገራችንን ወርቅ ጠባይ ይወቅ። በቤኒሻንጉልም ሆነ በጉጂ ባህላዊ አምራቾች በገበታ አፈር እያጠቡ የሚያወጡት ወርቅ አብዛኛው ደቃቅ ነው፤ ዱቄት የሆነ ወርቅ ለዲቴክተር ድምፅ አይሰጥም። መሣሪያው የሚያገኘው ፍሬ ያለውን፣ ጠጠር ጠጠር የሚያህለውን ነው፤ ያ ደግሞ በየስፍራው አይገኝም። ባህላዊ ማምረትም ቢሆን ከክልሉ ፈቃድ የሚወጣበት ሥራ ነው። በልመና በተሰበሰበ ገንዘብ መሣሪያ ገዝቶ ያለ ፈቃድና ያለ ዕውቀት መሄድን መዝናኛም ሥራም ብለን መጥራት ይከብደናል።

ወደ መዝናኛው እንመለስ፤ የልጆቹ ጥያቄ እርሱ ነውና። በዓለም የታወቁት ግኝቶች ስለ መሣሪያ ዋጋ የሚያስተምሩን ነገር አለ። በኅዳር 1992 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሆክስን በተባለች መንደር ኤሪክ ሎውስ የተባሉ ጡረተኛ የጓደኛቸው ገበሬ የጣለውን መዶሻ ሊፈልጉ ማሳ ወጡ። መሣሪያው ጡረታ ሲወጡ የተሰጣቸው ስጦታ ነበር። መዶሻውን ሲፈልጉ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ የሮማ ዘመን የወርቅና የብር ሳንቲሞች ከጌጣጌጥና ከብር ማንኪያ ጋር አገኙ። ብዙ ሳይቆፍሩ አቁመው ለባለሥልጣናት አመለከቱ፤ አርኪዮሎጂስቶች በማግሥቱ መጥተው ሀብቱን እንደ ተቀበረ፣ በየቦታው፣ በወጉ አወጡት። 1 ሚሊዮን 750 ሺህ ፓውንድ ተከፈላቸው፤ ከገበሬው ጋር ተካፈሉት። መዶሻውም ተገኝቶ ዛሬ ከሀብቱ ጋር በብሪቲሽ ሙዚየም አለ። እኛን የሚያስደንቀን ሳንቲሙ ሳይሆን ሰውየው መቆፈራቸውን ማቆማቸው ነው። ሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. በስታፎርድሻየር የተገኘው የአንግሎ ሳክሰን ወርቅም 3 ሚሊዮን 285 ሺህ ፓውንድ የተገመተ ነበር፤ ያገኘው ቴሪ ኸርበርት ይዞት የወጣው ዐሥራ አራት ዓመት ያገለገለ አሮጌ መሣሪያ ነው።

ከውድ መሣሪያ ይልቅ ውድ የሆነው ቦታ ማወቅ ነው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል፣ ስልክን የፈለሰፈው ማለታችን ነው፣ በ1881 እ.ኤ.አ. የተተኮሰባቸውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ጥይት ሰውነታቸው ውስጥ ለማግኘት መፈለጊያ ሠርቶ ነበር። መሣሪያው በሙከራ ደኅና ሠርቷል። በሕመምተኛው አልጋ ላይ ግን ግራ ተጋባ፤ የፍራሹ የብረት ሽቦ ሲረብሸው ነበር፤ ሐኪሙም በአንድ ጎን ብቻ እንዲፈልግ ነው የፈቀደለት። የማዕከላዊ ገበያ መሬትም እንደዚያ አልጋ ነው። የጠርሙስ ክዳን፣ ሚስማር፣ የሣጥን ሽቦ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ ተደራርቦበታል። የክበቡ ልጆች በማመልከቻቸው «ሌሊት ገበያው ሲዘጋ የወደቀ ሳንቲም እንለቅማለን» ብለው ጽፈው ነበር። የሚለቅሙት ክዳን ነው። በዚያ ላይ ሰው እንጀራውን የሚያበስልበትን መሬት ሌሊት መቆፈር ነውር ነው፤ ይህን አንፈቅድም።

ሕጉን ደግሞ ልብ በሉ። በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ለመፈለግ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ወዲያው ማሳወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። በፈረንሳይ ከታኅሣሥ 1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታሪካዊ ዕቃ በመሣሪያ ለመፈለግ የመንግሥት ፈቃድ ግድ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከታጁራ ወደ ሸዋ በሚሄደው የቅፍለት መንገድ ላይ አንድ የማሪያ ቴሬዛ ብር ወድቆ ተገኘ እንበል። ላዩ ላይ ያለው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው፤ ክብደቱ 28 ግራም፣ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ገደማ ነው። ለአንጥረኛ ቢሸጥ የብሩ ዋጋ ብቻ ነው። የት ቦታ፣ በምን ጥልቀት፣ ከምን ጋር እንደነበረ ከተመዘገበ ግን ነጋዴው የት እንዳደረ ይነግረናል። ከመሬት ተነቅሎ ኪስ ከገባ በኋላ ያ ዕውቀት ተመልሶ አይገኝም። የአክሱም ነገሥታት ያሳተሟቸው ሳንቲሞች ስንቶቹ እንዲህ ጠፍተውብናል። በዲክሂል አጠገብ እንዳለው እንደ ሐንዶጋ ባሉ የጥንት ፍርስራሾች ላይ ተማሪያችን መሣሪያ ይዞ ቢታይ ከክበቡ ይወጣል።

ከሁሉ የሚበልጥብን ግን ሌላ ነው። ዲቴክተር ሳንቲምን ከፈንጂ አይለይም። ከ1991 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት በዚህ አገር ሰሜናዊ ክፍል ፈንጂ ተቀብሮ ነበር። ብዙዎቻችሁ ዘመድ ያላችሁበት የጅጅጋና የካራማራ አካባቢ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የጦር ሜዳ ነበር። በክረምት ዕረፍት አያት ቤት የሚሄድ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በእጁ መሣሪያ፣ በጆሮው ማዳመጫ ይዞ፣ «ጮኸ!» ብሎ በማንኪያ መቆፈር ሲጀምር አስቡት። ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሣን። 160 ሺህ ፍራንክ ቢጠፋ በሌላ ዓመት ይተካል። ስለዚህ መሣሪያው የሚመጣ ከሆነ ከዚህ ከተማ አይወጣም፤ ወደ ማንም ተማሪ ቤትም አይሄድም። ወላጆችም የግላችሁን ስትገዙ ይህንኑ ብትይዙልን እንለምናለን። ያልታወቀ ብረት ያየ ልጅ አይነካም፣ አይረግጥም፣ በመጣበት ዱካ ተመልሶ ለታላቅ ይናገራል።

ውሳኔያችን እንግዲህ ይህ ነው። የ900 ዶላሩን አንገዛም። የወርቅ ማሽኑንማ ማንም እንዲገዛ አንመክርም። ለክበቡ በሚመጣው ዓመት ከ400 ዶላር ያልበለጠ፣ ውኃ የማይገባው፣ ባለብዙ ፍሪኩዌንሲ መሣሪያ፣ ዋስትና ካለው ሻጭ፣ በደረሰኝ ይገዛል፤ ግማሹ ከትምህርት ቤቱ፣ ግማሹ ልጆቹ ራሳቸው ከሚያዘጋጁት የቡናና ቆሎ ሽያጭ። አባትየው ያነሡት የመጻሕፍት ጉዳይ ቀድሞ ይሟላል፤ የመጻሕፍቱ በጀት ሳይዘጋ ለዚህ ሳንቲም አይወጣም። ጠቀሜታው ምንድን ነው ላላችሁን፣ ዓርብ ጧት ባሕር ዳርቻ ላይ ቀለበት ወይም ቁልፍ የጣለ ሰው አይጠፋም፤ ያንን ፈልጎ ለባለቤቱ መመለስ ለልጅ በቂ ደስታ ነው። የሚያገኙትን ቆሻሻ ብረት ሁሉ ይዘው ይመለሳሉ። የሚወጡት ከመምህር ጋር፣ ባለሥልጣን አስፈቅደው፣ የወላጅ ፊርማ ይዘው ነው።

አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ከመግዛታችን በፊት ልጆቹ አንድ መፈለጊያ በእጃቸው ይሠራሉ። ሁለት የሽቦ ጥቅል፣ ጥቂት ትራንዚስተርና ባትሪ፣ አንድ አሮጌ ሬዲዮ ይበቃል። የሚያገኘው ከአንድ መዳፍ ጥልቀት አይበልጥም፤ ቢሆንም የሠራው ልጅ ከዚያ በኋላ ደላላ ስለ ዐሥር ሜትር ሲነግረው ይስቃል። በገበያው ዙሪያ የቬንትሌተር ሞተር የሚጠመጥሙ ሠራተኞች አሮጌ የመዳብ ሽቦ ሊሰጡን ተስማምተዋል። የቀረን ሁለት ሜትር የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧና የማይሠሩ ግን ያልተፈቱ ሬዲዮኖች ናቸው። ቤታችሁ ያላችሁ ወላጆች ለበሩ ጥበቃ ስጡልን፤ የክበቡን ስም ጻፉበት።